ውሃውን ማን ሞላው? የመካኒኩ አል-ጀዘሪ ታሪክ



በየስልካችን ከሚዘዋወሩት ቪዲዮዎች መካከል አንድ ትልቅ ጎማ የሚያሳየውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁት ይሆናል። በጎማው ዙሪያ ጫፋቸው ላይ ክብደት የታሰረባቸው እጆች አሉ። አንድ ሰው በጣቱ ገፋ ሲያደርገው መዞር ይጀምራል፤ ከዚያም ያለ ነዳጅና ያለ ኤሌክትሪክ፣ በመሬት ስበት ብቻ እየዞረ አምፖል ያበራል ይባላል። እኛም ሠርተን እንሞክረው የሚሉ የኢንጂነሪንግ ወንድሞችና እህቶች አልጠፉም። የመሥራት ፍላጎቱ ይበል የሚያሰኝ ነው። ብረት ከመግዛታቸው በፊት ግን ዕድሜውን በሙሉ በመሬት ስበት የሚንቀሳቀሱ ማሽኖችን ሲሠራ የኖረ፣ እንዴት እንደሚሠሩም ለሌላው ባለሙያ አንድም ሳይደብቅ ጽፎ የሄደ ሙስሊም መካኒክ ታሪክ ቢያነቡ ይጠቀማሉ ብለን ይህን አዘጋጀን።

ሙሉ ስሙ በዲዑዝ-ዘማን አቡል-ዒዝ ኢብኑ ኢስማዒል ኢብኑር-ረዛዝ አል-ጀዘሪ ነው። አል-ጀዘሪ የተባለው አል-ጀዚራ ከሚባለው፣ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል ካለው አገር ስለሆነ ነው። በ570 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. 1174 ገደማ፣ ዛሬ በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ የምትገኘውን የዲያርበክርን አካባቢ ይገዙ በነበሩት በአርቱቃውያን ቤት ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ለኑረዲን ሙሐመድ፣ ከዚያ ለልጁ ለቁጥበዲን ሱቅማን፣ በመጨረሻም ለሌላው ልጁ ለናሲረዲን መሕሙድ አገልግሏል። ዘመኑ የሰላሑዲን አል-አዩቢ ዘመን ነው። የዲያርበክር ከተማ ያን ጊዜ አሚድ ትባል ነበር፤ ሰላሑዲን በ1183 ከያዛት በኋላ ለኑረዲን ሙሐመድ የሰጣት እርሱ ነው። በዙሪያው ጦር ሲዘምት፣ ቁድስ ነፃ ስትወጣ፣ ገዢ በገዢ ሲተካ አል-ጀዘሪ መዳብ እየቀጠቀጠ፣ ሰም እያቀለጠ፣ በውሃ ገንዳ ላይ አጎንብሶ ነበር።

ስለ እርሱ የምናውቀው ከራሱ መጽሐፍ ነው። በመግቢያው ላይ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሰዎች መጻሕፍት እንዳነበበ፣ ነገር ግን ማንበቡ እንዳላረካው ይናገራል። በሥራ ያልተፈተነ የእጅ ጥበብ ዕውቀት እውነት ይሁን ሐሰት የሚለይበት መንገድ የለም ባይ ነው። ስለዚህ ከቀደሙት የተማረውን እያንዳንዱን ነገር በእጁ እየሠራ ፈተነው። የሠራለትን ተቀበለ፣ ያልሠራለትን ለምን እንዳልሠራ መርምሮ አስተካከለ። የማንንም ውለታ አልካደም። በአርኪሜዲስ ስም ይታወቅ ከነበረው የሰዓት መጽሐፍ የወሰደውን፣ በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ከነበሩት ሦስት ወንድማማቾች ከበኑ ሙሳ ያገኘውን፣ ከሂበቱላህ አል-አስጡርላቢ የተማረውን በስም ይጠቅሳል። ስህተታቸውንም ያለ ስድብ ይናገራል።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በተግባር ምን ማለት እንደሆነ የሚያሳየው ትልቁ የቤተ መንግሥት ሰዓቱ ነው።

ይህ ሰዓት ከሦስት ሜትር በላይ ቁመት ያለው የሕንፃ ፊት ይመስላል። ላዩ ላይ የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ በቡርጆቹ መካከል የሚያሳይ ክብ አለ። ከዚያ በታች የተደረደሩ በሮች አሉ፤ ሰዓት በሞላ ቁጥር በር ይከፈታል፣ ሁለት ጭልፊቶች ወደ ፊት ዘንበል ብለው ከአፋቸው የመዳብ ኳስ ይጥላሉ፣ ኳሶቹም ከሥር ባለው ዕቃ ውስጥ ወድቀው ያቃጭላሉ። በተወሰኑ ሰዓቶች ደግሞ አምስት የሙዚቀኛ ምስሎች ከበሮ ይመታሉ፣ መለከት ይነፋሉ፣ ጸናጽል ያጋጫሉ። ከኋላ ያለው ነገር ግን እጅግ ቀላል ነው። አንድ የውሃ ገንዳ፣ በውሃው ላይ አንድ ከባድ ተንሳፋፊ፣ ከተንሳፋፊው ጋር የታሰረ ገመድ። ውሃው ከታች በቀጭኑ ሲፈስ ተንሳፋፊው ይወርዳል፣ ሲወርድ ገመዱን ይጎትታል፣ ገመዱ ሌላውን ሁሉ ያንቀሳቅሳል። ሞተሩ ይኸው ነው፤ ወደ ታች የሚወርድ ክብደት።

ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ገንዳው ሙሉ ሲሆን ውሃው በኃይል ይወጣል፣ ሲጎድል ይደክማል። ስለዚህ ከትልቁ ገንዳ ሥር ትንሽ ዕቃ አደረገ። በውስጧ ያለችው ተንሳፋፊ ከላይ ሾጣጣ መክደኛ አላት። ትንሿ ዕቃ ስትሞላ መክደኛው የውሃውን መግቢያ ይዘጋል፣ ስትጎድል ይከፍተዋል፤ በዚህ ምክንያት የውሃው ከፍታ አንድ ልክ ላይ ይቆያል። ዛሬ በመጸዳጃ ቤታችን ታንክ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። መክደኛው ውሃ እንዳያንጠባጥብ ከመቀመጫው ጋር በድንጋይ ዱቄት እየተፋተገ መግጠም እንዳለበትም ይነግረናል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚጽፍ ሲያንጠባጥብበት ያደረ ሰው ብቻ ነው።

ሌላም ችግር ነበረበት። በዚያ ዘመን የቀን ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደ እኛ አገር ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ነው፤ ቀኑም ለ12 ይከፈላል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀናችን ከ12 ሰዓት እምብዛም አይርቅም፣ ልዩነቱም አያስጨንቀንም። በአሚድ ግን በሰኔ ቀኑ ከ14 ሰዓት ተኩል ያልፋል፣ በታኅሣሥ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ የሰዓቱ ርዝመት በየዕለቱ ይለያያል፣ የውሃው ፍጥነትም አብሮ መለወጥ አለበት። የቀደሙት ሰዎች ለዚህ መፍትሔ ነበራቸው። ውሃው የሚወጣበትን ቀዳዳ በአንድ ክብ ላይ አድርገው ክቡን ከፍና ዝቅ በማድረግ ፍሰቱን ይቀንሱና ይጨምሩ ነበር። አል-ጀዘሪ በአርኪሜዲስ ስም የሚታወቀውን ግማሽ ክብ ፈተሸ፣ ትክክል ሆኖ አላገኘውም። ሙሉ ክብ የሆነ ሌላም አየ፣ እርሱም ጎደለበት። በመጨረሻ የራሱን ሠርቶ፣ ምልክቶቹን በስሌት ብቻ ሳይሆን ውሃ እያፈሰሰና እየለካ አንድ በአንድ አደረጋቸው።

ፊዚክስ የተማራችሁ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ከቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ፍጥነት ከውሃው ከፍታ ስኩዌር ሩት ጋር እንጂ ከከፍታው ጋር እኩል አያድግም። ስለዚህ በክቡ ላይ ምልክቶቹን እኩል በእኩል የከፈለ ሰው መሳሳቱ የግድ ነው። ይህን ሕግ ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ያሳተመው በ1644 ነው። አል-ጀዘሪ ቀመሩ አልነበረውም። የነበረው ትዕግሥትና መለኪያ ዕቃ ነው፤ በእነዚህ ሁለቱ ትክክለኛው ምልክት ላይ ደረሰ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የዝሆኑ ሰዓት ነው። የመሬት ስበት ማሽን እንሥራ ለሚሉ ወንድሞቻችንም ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። በዝሆኑ ሆድ ውስጥ ውሃ አለ፤ በውሃው ላይ ከሥሯ በጥንቃቄ የተቀደደች ጎድጓዳ ሳህን ትንሳፈፋለች። ሳህኗ ቀስ በቀስ ውሃ እየሞላች በግማሽ ሰዓት ትሰጥማለች። ስትሰጥም ገመድ ትስባለች፣ ገመዱ ከላይ ካለው ማማ አንዲት ኳስ ያስለቅቃል። ኳሷ ከጭልፊት አፍ ወጥታ እባብ አፍ ውስጥ ትወድቃለች። እባቡ በኳሷ ክብደት ወደ ታች ይዘነብላል፤ ሲዘነብል በሰንሰለት የተያያዘችውን ሳህን ከውሃው ሥር አውጥቶ ይደፋታል። ኳሷ ዕቃ ውስጥ ትወድቃለች፣ ዝሆን ነጂው በመዶሻው ይመታል፣ እባቡ ቀሎት ወደ ላይ ይመለሳል። ሳህኗም ባዶ ሆና እንደገና መንሳፈፍ ትጀምራለች።

ራሱን በራሱ መልሶ የሚያስነሳ ማሽን ነው እንግዲህ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ያለ ማንም ርዳታ ለዘላለም የሚሠራ ይመስላል። ግን ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት አንድ ኳስ ይወርዳል። የወረደ ኳስ በራሱ ወደ ማማው አይወጣም። ከላይ ያሉት ኳሶች ሲያልቁ ሰዓቱ ይቆማል፣ ሰው መጥቶ ኳሶቹን ሰብስቦ ወደ ቦታቸው እስኪመልስ ድረስ። ኃይሉ ከዚያ ሰው ክንድ የመጣ ነው። ማሽኑ ያደረገው በአንድ ጊዜ የተሰጠውን ኃይል ቆጥቦ በየግማሽ ሰዓቱ ማውጣት ነው። አል-ጀዘሪም ይህን አልደበቀም፤ ገንዳው እንዴት እንደሚሞላ፣ ኳሶቹ በየት በኩል እንደሚመለሱ የአሠራሩ ክፍል አድርጎ ይጽፈዋል።

በቪዲዮው ላይ ያለው ጎማ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሕንዳዊው ባስካራ በ1150 ገደማ ዘንጎቹ ውስጥ ሜርኩሪ የተሞላና ራሱን ችሎ ይዞራል የተባለ ጎማ ገልጾ ነበር። የማያስኬድበት ምክንያት ቀላል ነው። በሚወርደው ጎን ክብደቶቹ ከመሃሉ ራቅ ስለሚሉ ጉልበታቸው ይጨምራል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ጎን ያሉት ቁጥራቸው ያንሳል፣ በሚወጣው ጎን ደግሞ ወደ መሃል የቀረቡ ግን ብዙ ክብደቶች አሉ። ተደምሮ ይካካሳል። እያንዳንዱ ክብደት አንድ ዙር ሲጨርስ የወረደውን ያህል ወጥቷል፤ ትርፍ የለም፣ ሰበቃው ደግሞ የመጀመሪያውን ግፊት ቀስ በቀስ ይበላዋል። በቁጥር ማየት ለሚፈልግ፣ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ሜትር ሲወርድ የሚሰጠው ኃይል 9.8 ጁል ገደማ ነው። 15 ዋት-ሰዓት የሚይዝ የስልክ ባትሪ ለመሙላት 54,000 ጁል ያስፈልጋል። ይህም ከ5,500 ሊትር በላይ ውሃ ከአንድ ሜትር ከፍታ ማውረድ ነው፣ በ200 ሊትር በርሜል 28 በርሜል ገደማ፣ ያውም ምንም ብክነት ሳይታሰብ። ከዚያ በኋላ በርሜሎቹን መልሶ ወደ ላይ የሚያወጣ ሰው መፈለግ ነው።

አል-ጀዘሪም ቢሆን ሰው ማስደነቅ ይወድ ነበር። ከውሃ ማውጫ ማሽኖቹ አንዱ ላይ ትንሽ የእንጨት ላም አቁሟል። ላሟ ትዞራለች፣ ማሽኑም ውሃ ይቀዳል፤ ተመልካቹ ላሟ እያንቀሳቀሰችው ይመስለዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ከታች ከዓይን በተሰወረ ክፍል ውስጥ የሚወርድ ውሃ ጎማ ያዞራል፣ ጎማው በጥርሶቹ አማካይነት ማሽኑንም ላሟንም ያዞራቸዋል። ለቤተ መንግሥት እንግዶች ላሟ አስደናቂ ነገር ናት። መጽሐፉን ለሚያነብ ባለሙያ ግን የተሰወረውን ክፍል ከፍቶ፣ ሥዕል ስሎ፣ እያንዳንዱን ክፍል በፊደል ምልክት አድርጎ ያሳየዋል። ዘላለማዊ ዋሽንት ብሎ የሰየማቸው መሣሪያዎቹም እንዲሁ ናቸው። ስማቸው ያስጎመጃል፤ አሠራራቸው ግን ውሃ ሁለት ገንዳዎችን በተራ ሲሞላ ከውስጥ የሚገፋው አየር ዋሽንቱን እንዲነፋ ማድረግ ነው። ከላይ የሚመጣው ውሃ ሲቋረጥ ዋሽንቱም ዝም ይላል። በዚሁ የውሃ ክፍል በኑ ሙሳን ያርማቸዋል፤ የእነርሱ ፏፏቴ ቅርጹን የሚለዋውጠው ሰው ሳያስተውለው ቶሎ ቶሎ ነው ብሎ እርሱ ረዘም ያለ ጊዜ የሚሰጥ ሌላ ዘዴ ሠራ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማሽኑ ግን በእኔ እምነት ዝሆኑ ሳይሆን ወንዝ የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ነው። ወንዙ ጎማ ያዞራል፣ ጎማው ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት ፒስተኖችን በተራ ይገፋል፤ አንዱ ውሃ ሲስብ ሌላው ይገፋል፣ ቫልቮቹም ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይከለክላሉ። ውሃውን ወደ 20 ክንድ ከፍታ ያወጣል። ፒስተን፣ ቫልቭ፣ የመሳቢያ ቧንቧ፣ ክብ እንቅስቃሴን ወደ ምልልስ የሚለውጥ ዘንግ፣ ሁሉም በአንድ ማሽን ላይ አሉ። እዚህ ላይ ውሃውን የሚሞላ ሰው አያስፈልግም፣ ወንዙ አለ። ወንዙን ወደ ተራራው መልሶ የምትወስደው ደግሞ በአላህ ፈቃድ ፀሐይ ናት፤ በትነት፣ በደመናና በዝናብ።

ንጉሥ ናሲረዲን መሕሙድ አንድ ቀን የጠየቀው ነገር ለእኛ ለየት ያለ ትርጉም አለው። ውዱእ ሲያደርግ አገልጋይ ወይም ባሪያ ቆሞ ውሃ እንዲያፈስለት አልወደደም፤ ውሃውን የሚያፈስ መሣሪያ እንዲሠራለት አዘዘ። አል-ጀዘሪም ማሰሮ ይዞ የቆመ የአገልጋይ ምስል ሠራ፤ ውሃው ለውዱእ በሚበቃ መጠን ከማሰሮው ይወርዳል። በሌላ ሥራው ደግሞ ውሃ የሚያፈስ ጣዎስ አለ፣ የታጠቡበት ውሃ ከሥር ሲጠራቀም ተንሳፋፊ ያነሳል፣ አንድ ትንሽ ምስል መታጠቢያ ዱቄት ይዞ ብቅ ይላል፣ ውሃው ሲጨምር ሁለተኛው ፎጣ ይዞ ይመጣል። ሶላታችን የመሣሪያዎቹ አንዱ ምክንያት መሆኑን ማወቅ ያስደስታል።

ሁሉም ግን እንዲህ አልነበረም። በመጽሐፉ 50 መሣሪያዎች በስድስት ክፍል ተገልጸዋል። አንደኛው ሰዓቶች ናቸው። ሁለተኛው ክፍል በሙሉ በቤተ መንግሥት የመጠጥ ግብዣ ላይ የሚቀርቡ ዕቃዎችና ምስሎች ነው። ሦስተኛው የመታጠቢያና ደም ሲቀዳ መጠኑን የሚለኩ ዕቃዎች፣ አራተኛው ፏፏቴዎችና ዋሽንቶች፣ አምስተኛው ውሃ ማውጫዎች፣ የመጨረሻው ልዩ ልዩ፤ ከእነዚህም የአሚድ ቤተ መንግሥት የነሐስ በር ይገኝበታል። ስለ ሙስሊም ሊቃውንት ስንጽፍ ሁለተኛውን ክፍል ዘለን የውዱኡን ብቻ ማውራት ልማድ ሆኖብናል። ይህ ተገቢ አይመስለኝም። አል-ጀዘሪ የነገሥታት ሠራተኛ ነበር፣ ነገሥታቱ ያዘዙትን ሠርቷል፣ ሒሳቡም ከጌታው ጋር ነው። እርሱ ራሱ የሠራውን ሁሉ ሳይሸፍን ከጻፈ፣ እኛ ስለ እርሱ ስንጽፍ የምንሸፍንበት ምክንያት የለም።

መጽሐፉን የጻፈው በራሱ ተነሳሽነት አልነበረም። 25 ዓመት ካገለገለ በኋላ ንጉሡ እነዚህ ሥራዎች ከእርሱ ጋር እንዳይጠፉ ጽፎ እንዲያስቀምጣቸው አዘዘው። በ602 ዓ.ሒ.፣ እ.ኤ.አ. በ1206 መጀመሪያ ላይ ጨረሰው። የዕውቀትና የጠቃሚ ሥራ ውሕደት በሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥቶታል። አጻጻፉ እንደ ወርክሾፕ መመሪያ ነው። ንድፉ አስቀድሞ በወረቀት ሞዴል ይሞከር፣ እንጨቱ እንዳይጣመም ተደራርቦ ይጣበቅ፣ ጎማው ሚዛኑን መጠበቁ ይፈተሽ፣ ነሐሱ በአሸዋ ቅርጽ እንዲህ ተደርጎ ይፍሰስ። እያንዳንዱን ርምጃ ከመለኪያው ጋር ይነግራል። አንዳንድ ጊዜ አንባቢ ይሰለቻል፤ መሥራት የሚፈልግ ሰው ግን የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ፍሬውም ታየ። በዚያው በ1206 የተገለበጠ ቅጂ በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ተቀምጧል። በ1974 ዶናልድ ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ኢንጂነር መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው፣ በ1979 ሶርያዊው አሕመድ ዩሱፍ አል-ሐሰን ዐረብኛውን አሳተመው። በ1976 ለንደን ላይ የእስልምና ዓለም ፌስቲቫል ሲደረግ በሳይንስ ሙዚየም ባለሙያዎች የቤተ መንግሥቱን ሰዓት ከመጽሐፉ ተነስተው ሠሩት፣ ሰዓቱም ሠራ። 770 ዓመት ካለፈ በኋላ ጽሑፉንና ሥዕሉን ብቻ ይዞ ማሽን ማስነሳት ተቻለ ማለት ነው። ዱባይ ያሉ ዘመዶቻችን በኢብን ባጡጣ የገበያ ማዕከል መሃል የቆመውን ትልቅ ዝሆን ፎቶ ልከውላችሁ ከሆነ፣ ያ የአል-ጀዘሪ ሰዓት አምሳያ ነው።

እንሥራ ለሚሉት ወንድሞችና እህቶች፣ በዝሆኑ ሳህን መጀመር ይቻላል። አንድ ቀላል የብረት ወይም የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን፣ አንድ ባልዲ ውሃና ቀጭን መርፌ ይበቃሉ። ቀዳዳው ጠባብ ሲሆን ሳህኑ ይዘገያል፣ ሰፋ ሲል ይፈጥናል፤ ልክ ግማሽ ሰዓት ላይ እስኪሰጥም ድረስ ብዙ ሳህን ይበላሻል። አል-ጀዘሪም ቀዳዳውን እየሞከረ ነው ልኩ ላይ ያደረሰው። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ገንዳው ጎድሎ፣ ኳሶቹ ሁሉ ከታች ተከማችተው ይገኛሉ፤ አንድ ሰው ኳሶቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ወደ ላይ ይመልሳል፣ ውሃውንም እየቀዳ ለነገ ጧት ይሞላል።